«ሻጩን አንበርክኩት» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ የአዲስ ሞተር ዋጋ የሚቀንሰው በጉልበት አይደለም

ሰሞኑን አዲስ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች የተጻፈ አንድ ምክር ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ ነው። እኔም ዘንድ ደጋግሞ ደርሷል። የላኩልኝ በአብዛኛው የመጀመሪያ ሞተራቸውን ሊገዙ የተዘጋጁ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ይህን ምላሽ የምጽፈውም ለእነሱ ብዬ ነው። ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ወደ ሾሩም የሚገቡ ሰዎች ያንን ጽሑፍ ተከትለው ቢሄዱ፣ አንዳንዱ ምክር ድካም ብቻ ነው የሚያተርፍላቸው። አንዱ ግን በቀጥታ ኪሳቸውን ይጎዳል።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። መነሻቸው ሻጭና ገዢ ተፋላሚዎች ናቸው፣ አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው የሚል ነው። ከዚህ ተነስተው የሚሰጡት ምክር በአጭሩ እንዲህ ይላል። የተለጠፈው ዋጋ የፈጠራ ስለሆነ ከግማሹ ጀምሩ። ቁጥር ቀድሞ የጠራ ተሸንፏልና አፋችሁን ያዙ። ሞተሩን መውደዳችሁ አይታወቅባችሁ፣ እንዲያውም እንከን አውጡለት። በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ መዝጊያ ሰዓት ላይ ሂዱ። በጠቅላላ ዋጋ ከመጨቃጨቅ በወር ስንት እንደምትከፍሉ ተደራደሩ። ጥሬ ገንዘብ ካላችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ቅናሽ ጠይቁ። ማጓጓዣና መገጣጠሚያ የሚባል ጭማሪ ሁሉ ዝርፊያ ነውና አንድም ሳንቲም አትክፈሉበት። በመጨረሻም ተቆጥታችሁ ውጡ፣ ራሳቸው ይደውሉላችኋል።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ነገር አለ። የአዲስ ሞተር ዋጋ ብዙ ጊዜ መነጋገሪያ አለው። ይህን ሳያውቅ የተለጠፈውን ከፍሎ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ሻጩ በየቀኑ ሲሸጥ ይውላል፣ ገዢው ግን አዲስ ሞተር የሚገዛው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ተዘጋጅቶ መሄድ አለበት ማለታቸው አያከራክርም። የምንለያየው ዝግጅቱ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። እሳቸው ገዢው ፊቱንና ድምፁን እንዲያዘጋጅ ይመክራሉ፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱንና ስሌቱን ያዘጋጅ እላለሁ።

ከግማሹ ጀምሩ ከሚለው ልነሳ። ሻጩ ሞተሩን ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው የሚረከበው በተወሰነ ዋጋ ነው። እሱ በገዛበትና በተለጠፈው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት እንኳን ግማሽ ሊሆን ወደዚያ አይጠጋም። ከዚያችው ልዩነት ላይ ደግሞ የሾሩሙ ኪራይ፣ የመካኒኩ ደመወዝ፣ የሻጩ ኮሚሽን ይወጣል። የተለጠፈውን ግማሽ የሚያቀርብ ገዢ እንግዲህ ሻጩ ከኪሱ ጨምሮ እንዲሸጥለት እየጠየቀ ነው። ሻጩ ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። ገዢው ስለ ሞተሩ ዋጋ ምንም እንደማያውቅ ይረዳና፣ ወይ ወደ ቀጣዩ ሰው ይዞራል፣ ወይ ደግሞ ከግማሽ ወደ ላይ እያባበለ ከተለጠፈው በጥቂቱ ዝቅ ያለ ዋጋ ላይ ያደርሰዋል። ገዢው ብዙ ያስቀነሰ ይመስለዋል። ያስቀነሰው ግን ሌላው ሰው በሰላምታ የሚያገኘውን ነው።

ዋጋው የት ላይ እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ የሻጩን ወጪ ማየት ይጠቅማል። ብዙ ሻጮች ሾሩም ውስጥ የሚደረድሩትን ሞተር የሚያስገቡት በብድር ነው። ሞተሩ ሳይሸጥ በቆመ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል። ትናንት የገባና በማግስቱ ሊሸጥ የሚችል ሞተር ላይ ሻጩ የሚጣደፍበት ምክንያት የለውም። ጥግ ላይ ወራት ያስቆጠረ፣ ማንም የማይጠይቀው ቀለም ያለው ሞተር ላይ ግን እሱ ራሱ መገላገል ይፈልጋል። ስለዚህ «ይህ ሞተር ከገባ ስንት ጊዜው ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ዋጋ ከመጥራት የበለጠ ያስቀንሳል።

ገበያው ራሱ ለድርድር ቦታ የማይሰጥበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሮና ወረርሽኝ የፋብሪካዎችንና የመርከቦችን ሥራ አዛብቶ ሳለ በብዙ አገሮች ተፈላጊ ሞተሮች ገና ሳይደርሱ ወረፋ ይያዝላቸው ነበር። ከተለጠፈው በላይ ያስከፈሉ ሻጮችም ነበሩ። በዚያ ሰሞን ግማሽ ዋጋ የጠራ ሰው ያተረፈው ወረፋውን ማጣት ብቻ ነው። የትም የትኛውም ጊዜ የሚሠራ የመነሻ መቶኛ የለም። መነሻችሁን የሚነግራችሁ አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት የምርት ዓመት፣ ከሁለትና ከሦስት ሻጭ የተሰበሰበ ፕሮፎርማ፣ ማለትም በጽሑፍ የተሰጠ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ነው።

ቁጥር ቀድሞ የጠራ ይሸነፋል የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ብዙ የሚጠቀስ አንድ ሙከራ አለ። በተሳታፊዎች ፊት ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር ያሽከረክሩና፣ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ስንት በመቶው አፍሪካዊ እንደሆኑ እንዲገምቱ ይጠይቋቸዋል። መንኮራኩሩ 10 ላይ የቆመባቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 ላይ የቆመባቸው ደግሞ 45 ሆነ። መንኮራኩሩ ከጥያቄው ጋር አንዳች ዝምድና አልነበረውም፤ ያም ሆኖ ቀድሞ የታየው ቁጥር ግምቱን ወደ ራሱ ጎተተው።

ሾሩም ውስጥ ቀድሞ የሚታየው ቁጥር ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ነው። ገና አፋችሁን ሳትከፍቱ የመጀመሪያው ዋጋ ተጠርቷል ማለት ነው። ዝም ብላችሁ በጠበቃችሁ መጠን ንግግሩ በሻጩ ቁጥር ዙሪያ ይሽከረከራል። ከእናንተ የሚጠበቀው ሌላ ቁጥር ማምጣት ነው፣ ከነማስረጃው። «ይኸው ሞተር፣ የዚሁ ዓመት ምርት፣ ሌላ ሻጭ ዘንድ ሁሉን አጠቃሎ በዚህ ዋጋ ተጽፎልኛል» የሚል ገዢ ቀድሞ ስለተናገረ የሚያጣው ነገር የለም። ጸሐፊው ልክ የሚሆኑት ገዢው ምንም መረጃ ሳይዝ ሲገባ ብቻ ነው። ያኔ ዝምታ ይሻላል፣ ከዝምታ ይልቅ ግን ተመልሶ ሄዶ ዋጋ ማጠያየቅ ይሻላል።

ፍቅራችሁን ደብቁ ስለሚለው ብዙ አልልም። ሻጩ በየቀኑ ፊት ሲያነብ የሚውል ሰው ነው። የእግር መንገድ አቋርጣችሁ መጥታችሁ አንድ ሞተር ዙሪያ ስትዞሩ ካያችሁ ወደዳችሁትም ጠላችሁትም የመጣችሁበትን ያውቃል። ሰው ሠራሽ እንከን ማውጣትም ጊዜ መግደል ነው። መውደዳችሁ የሚጎዳችሁ ሌላ ምርጫ ሳትይዙ ከሄዳችሁ ነው። ሁለተኛ ፕሮፎርማ ኪሳችሁ ካለ ደስታችሁን በነፃነት ማሳየት ትችላላችሁ።

የወር መጨረሻው ምክር ግማሽ እውነት አለው። ሻጮችም የሽያጭ ድርጅቶችም የወርና የሩብ ዓመት ኮታ ይሰጣቸዋል፣ ኮታውን ያሟላ ከአምራቹ ጉርሻ የሚያገኝበት አሠራርም አለ። ነገር ግን ገዢው ኮታው ተሞልቷል ወይስ አልተሞላም የሚለውን ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይችልም። መዝጊያ ሰዓት ላይ መሄድ ደግሞ የሚያጣድፈው ሻጩን ብቻ አይደለም። ገዢውንም ያጣድፋል። ውል የሚነበበው፣ ሞተር የሚፈተሸው በብርሃንና በእርጋታ ነው።

ከወሩ ይልቅ ዓመቱ ይጠቅማል። አምራቾች የቀጣዩን ዓመት ሞዴሎች በብዛት ይፋ የሚያደርጉት በፈረንጆቹ ዓመት መገባደጃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ የሚታወቀው የሚላኑ ኢክማ የሞተር ሳይክል ትርዒት አሁንም በኅዳር ወር አካባቢ ይካሄዳል፣ የዓለም ታላላቅ አምራቾችም አዲሱን ሞዴላቸውን የሚያሳዩበት አንዱ ዋና መድረክ እሱ ነው። አዲሱ በታየ ማግስት ሾሩም ውስጥ የቆመው ያው ሞተር «የአምናው» ይባላል፣ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ ማለት ነው። የሕግ ለውጥም እንዲሁ ያደርጋል። በአውሮፓ ኅብረት ዩሮ 5 ፕላስ የተባለው የጭስ ልቀት ደረጃ ከጥር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ ለሚመዘገቡ ሞተሮች ሁሉ ግዴታ ሲሆን፣ ደረጃውን የማያሟሉ ሞተሮች የያዙ ሻጮች ከዚያ ቀን በፊት ብዙዎቹን በራሳቸው ስም አስመዝግበው በኋላ በቅናሽ ሸጠዋቸዋል። እንዲህ ያለውን ጊዜ ጠብቆ የገባ ሰው የወሩን የመጨረሻ ሰዓት ጠብቆ ከገባው የተሻለ ያገኛል።

ጸሐፊው ያልነኩት ግን ሊነኩት የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። በቅናሽ የተገኘ የአምና ሞተር ከመፈረሙ በፊት መታየት አለበት። ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን ተመልከቱ። ረጅሙ የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1423 ካለ ጎማው የተመረተው እ.ኤ.አ. በ2023 በ14ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ባትሪው በመለኪያ ይታይ። ሙሉ የሆነ የተለመደ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ቆሞ ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ወርዶ ለረጅም ጊዜ የቆመ ባትሪ ጤናው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ይቀየርልኝ ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋራንቲው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠይቁ። ሻጩ በስሙ ያስመዘገበው ሞተር ከሆነ ዋራንቲው መቁጠር የጀመረው ያን ቀን ሊሆን ይችላል፣ የጎደሉት ወራት ደግሞ ዋጋ አላቸው። እነዚህ ሦስቱ እውነተኛ መደራደሪያዎች ናቸው። ጸሐፊው እንከን አውጡ ሲሉ እነዚህን አንሥተው ቢሆን ኖሮ ከልብ እስማማ ነበር።

አሁን ከሁሉም የከፋው ምክር ላይ ደረስን፤ ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ጸሐፊው ጠቅላላ ዋጋውን ትታችሁ በወር ክፍያው ላይ ተደራደሩ ይላሉ። ምክንያታቸው የገዢው ኪስ የሚያውቀው ወሩን ነው የሚል ነው። ይህ ምክር የሚጠቅመው ሻጩን ነው። በቁጥር ላሳይ።

የሞተሩን ዋጋ 100 እንበለው። ብድሩ በዓመት 12 በመቶ፣ ማለትም በወር 1 በመቶ ወለድ ይታሰብበት። በ36 ወር የሚከፈል ከሆነ የወሩ ክፍያ 3.32 ነው፣ በጠቅላላው የሚከፈለው 119.6 ይሆናል። ገዢው ወሩ በዛብኝ ይላል። ሻጩ ያዘነ መስሎ ጊዜውን ወደ 60 ወር ያራዝመዋል፣ የወሩ ክፍያም ወደ 2.22 ይወርዳል። አንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። በጠቅላላው የሚከፈለው ግን 133.5 ሆኗል። ከሞተሩ ዋጋ ላይ አንዲት ሳንቲም አልተቀነሰችም፣ ወለዱ ብቻ ከ19.6 ወደ 33.5 አድጓል።

በዚህም አያበቃም። ሻጩ በዚያው የ60 ወር ስሌት ላይ የሞተሩን ዋጋ ከ100 ወደ 115 ከፍ ቢያደርገውስ? የወሩ ክፍያ 2.56 ይሆናል። በመጀመሪያ ከተጠራው 3.32 ጋር ሲተያይ አሁንም በጣም ያነሰ ነው። ገዢው ወሩን ብቻ እያየ ስለሆነ ደስ ብሎት ይፈርማል። በጠቅላላው የሚከፍለው ግን 153.5 ነው። ሞተሩ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት አሸንፌያለሁ ብሎ የወጣ ሰው አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚጎዱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ መግዛት የማይችሉት፣ ሞተሩን ሠርተው ሊበሉበት የሚገዙት ሰዎች ናቸው። ምክሩ እነሱ ዘንድ በመድረሱ ነው የከነከነኝ።

በአንዳንድ አገሮች ተሽከርካሪ ሻጮች የሚሠሩበት አንድ የታወቀ ወረቀት አለ። ባዶ ገጽ በመስቀለኛ መስመር ለአራት ይከፈላል። በአንዱ ሳጥን የአዲሱ ዋጋ፣ በሌላው ከአዲሱ ዋጋ ላይ እንዲታሰብላችሁ የምትሰጡት አሮጌ ሞተር የተገመተበት፣ በሦስተኛው ቅድመ ክፍያ፣ በአራተኛው ወርሃዊ ክፍያ ይጻፋል። ከዚያ ሻጩ እስክሪብቶውን ይዞ «የቱ ነው ያልተስማማችሁ?» ይላል። አሮጌው ሞተሬ ዋጋው አነሰ ካላችሁ 5 ይጨምርላችሁና አዲሱ ላይ ሊቀንስ የነበረውን 5 ያስቀረዋል። ወሩ በዛ ካላችሁ ቅድመ ክፍያውን ያሳድጋል ወይም ወራቱን ያረዝማል። ቁጥሮቹ እየተሰረዙና እየተደለዙ በቀጠሉ ቁጥር ገዢው የትኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንደነበረ ይጠፋበታል። ከዚህ የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአዲሱን ሞተር ጠቅላላ ዋጋ ለብቻው ተነጋግሮ መጨረስ። እሱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው ስለ አሮጌው ሞተር የሚነሣው፣ ከዚያም በኋላ ስለ ብድሩ።

የወር አቅምን ማወቅ ራሱ ግን ተገቢ ነው፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። በወር ይህን ያህል ነው የምችለው ብሎ ከቤት መውጣት ብልህነት ነው። ያን ቁጥር ለሻጩ መንገር ግን አያስፈልግም። ከወሩ አቅማችሁ ተነሥታችሁ፣ በምትፈልጉት የወራት ብዛትና በሚጠየቀው ወለድ፣ ከፍተኛው ጠቅላላ ዋጋ ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ አስሉ። ሾሩም የምትገቡት ያን ጠቅላላ ቁጥር ይዛችሁ ነው።

ጥሬ ገንዘብ ዘርጉ የሚለውም ከብድሩ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ብዙ ሰው ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ ቅናሽ ያመጣል ብሎ ያምናል። ሞተሩ በባንክ ወይም በሌላ አበዳሪ ብድር ሲሸጥ ግን አበዳሪው ለሻጩ ሙሉውን ይከፍለዋል፤ በየወሩ የሚከፍለው ገዢው ነው፣ ለአበዳሪው። ሻጩ ገዢ ስላመጣ ከአበዳሪው ኮሚሽን የሚያገኝበት አሠራርም የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ገና ስትገቡ ጥሬ ገንዘብ አለኝ ማለት ሻጩን ከሌላ ገቢ እንደሚያጎድለው መንገር ነው፣ በሞተሩ ዋጋ ላይም ይበልጥ ሊጠነክር ይችላል። ሻጩ ራሱ በዱቤ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ጥሬ ገንዘብ በእርግጥ ክብደት አለው፣ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። በሁለቱም ቢሆን ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። በዋጋው ከተስማማችሁ በኋላ ነው እንዴት እንደምትከፍሉ የሚነሣው።

ወደ ጭማሪ ክፍያዎች ልምጣ። ሁሉም ዝርፊያ ነው ሲሉ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጠቅልለዋል። አዲስ ሞተር ከፋብሪካ ሲላክ ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ታስሮ ነው የሚመጣው። መሪው ተፈትቶ ወደ ጎን ታጥፏል፣ ስፖኪዮዎቹ ለብቻ ተጠቅልለዋል፣ ባትሪው አልተገናኘም፣ አንዳንዱም የፊት ጎማው ተነጥሎ ነው የሚመጣው። መካኒኩ ሳጥኑን ከፍቶ ጎማውን ያስገባል፣ መሪውን ያስራል፣ ፍሬኑን ይፈትሻል፣ የካቴናውን ርግበት ያስተካክላል፣ የጎማውን ንፋስ ይለካል፣ ዋና ዋናዎቹን ብሎኖች ፋብሪካው በወሰነው ልክ በቶርክ ቁልፍ ያጠብቃል፣ ነድቶ ይሞክራል። የፊት ጎማ አክስል በትክክል መጥበቁ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዚህ ሥራ አልከፍልም ማለት በሕይወታችን ላይ እንዲቆጠብ መጠየቅ ነው። የማጓጓዣው ወጪም እውነተኛ ነው፣ ሳጥኑ በራሱ አልመጣም።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ይህ ክፍያ የተለጠፈው ዋጋ ውስጥ ገብቷል ወይስ ከላይ የሚጨመር ነው? አምራቹ የሚያወጣው ዋጋ ማጓጓዣን የሚያካትትበት ቦታ አለ፣ የማያካትትበትም አለ። አንዱ ሥራ «መገጣጠሚያ» ተብሎ አንዴ፣ «ዝግጅት» ተብሎ ደግሞ ሌላ ጊዜ ተቆጥሮ እንደሆነ በመስመር በመስመር ማየት ያስፈልጋል። የሰሌዳና የምዝገባ ከተባለው ውስጥ የትኛው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሚገባና ደረሰኝ እንደሚመጣበት፣ የትኛው ደግሞ ሻጩ ለራሱ እንደሚይዘው ይጠየቅ። የመንግሥቱ አይቀነስም። የሻጩ ይቀነሳል።

አላስፈላጊ ጭማሪ መኖሩንም አልክድም። ለቀለም መከላከያ ተብሎ የሚቀባ ሰም፣ ያልጠየቃችሁት ጌጥ፣ ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በመንገድ ላይ ለሚነዳ ሞተር ለቀሪው መለወጫ የተለየ ገንዘብ መክፈል ትርጉም የለውም። እነዚህን አልፈልግም ማለት መብታችሁ ነው፣ በዚህ ጸሐፊው ያሉትን እደግፋለሁ።

ታዲያ እያንዳንዱን መስመር ይዞ መጨቃጨቅ እንዳይሆን የተሻለ መንገድ አለ። ሻጩን «ሞተሩን ከነሰሌዳው ይዤ እስክወጣ ድረስ በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁና በዚያች አንዲት ቁጥር ላይ ተነጋገሩ። ማጓጓዣውን ትቼልሃለሁ ብሎ ዋጋውን ቢያሳድገው፣ ወይም ዋጋውን ቀንሶ ማጓጓዣውን ቢያበዛው፣ ድምሩ ላይ ይታያል። ከተለያዩ ሻጮች የሰበሰባችሁት ፕሮፎርማ የሚወዳደረውም በዚህ ድምር ነው። አንዱ በዝቅተኛ ዋጋ ጠርቶ ከታች ጭማሪ ቢደረድር፣ ሌላው ሁሉን አካትቶ ከፍ ያለ ቢጠራ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያየ ሰው ውዱን ርካሽ ብሎ ይመርጣል።

የመጨረሻው ነጥብ ተቆጥታችሁ ውጡ የሚለው ነው። መውጣት መቻል የገዢው ትልቁ ጉልበት እንደሆነ ጸሐፊው በትክክል አይተዋል። ቁጣው ግን ምን ይጨምራል? ሞተር ተገዝቶ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ብዙ አምራቾች የመጀመሪያውን ሰርቪስ 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያዝዛሉ፤ ያኔ የምትመለሱት ብዙውን ጊዜ እዚያው ቤት ነው። በዋራንቲ የሚሸፈን ብልሽት ሲያጋጥም ለአምራቹ አመልክቶ የሚያስፈቅድላችሁ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ የሚያፈላልግላችሁ ያው ሻጭ ነው። ትንሽ አትርፎ በሰላም የሸጠላችሁ ሰው ያን ቀን ያስታውሳችኋል። ያዋረዳችሁትም ያስታውሳችኋል።

አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው የሚለው መነሻቸው የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ከሞተሩ ዋጋ ላይ መቀነስ ሲያቅተው የመጀመሪያውን ሰርቪስ በነፃ ሊያደርግ፣ ሄልሜት ወይም የዕቃ ሳጥን ሊጨምር ይችላል። ሄልሜቱ ለእሱ የቆመበት ዋጋ እናንተ ከመደርደሪያ ብታነሡት ከምትከፍሉት ያነሰ ነው። እሱ ጥቂት አጥቶ እናንተ ብዙ ታገኛላችሁ። በቁጣ የወጣ ሰው እዚህ አይደርስም።

ለጸሐፊው ሌላም የማነሣላቸው ጥያቄ አለ። ምክሩ የተጻፈው ለማን ነው? ተመራማሪዎቹ ኢያን ኤይርስና ፒተር ሲገልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ፣ በቺካጎ አካባቢ ወደ አዲስ መኪና ሻጮች ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ልኮ ነበር፣ ከ300 በላይ ጥንዶች። ሁሉም አንድ ዓይነት የድርድር ንግግር ተለማምደው ነው የሄዱት። ሻጮቹ ግን ለጥቁሮችና ለሴቶች ከነጭ ወንዶች ከፍ ያለ ዋጋ ጠሩባቸው። ጥናቱ በመኪና ላይ ቢሆንም የሽያጩ ጠረጴዛ ተመሳሳይ ነው። ድምፅ ከፍ አድርጉ፣ ፊታችሁን አኮሳትሩ የሚል ምክር ለአንዱ ሲሠራ ሌላውን ይጎዳል፤ አንድ ዓይነት ንግግር የተናገሩ ሰዎች እንኳ አንድ ዓይነት መልስ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ የመኪና ገበያ ጥናት ደግሞ በኢንተርኔት በኩል ዋጋ ጠይቀው የገዙ ጥቁርና ሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ገዢዎች ላይ ይህ የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው እንደጠፋ አሳይቷል። ፕሮፎርማ በመልእክት ወይም በስልክ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ የምለው አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው። ድምፃችሁ ቀጭን ይሁን፣ ዕድሜያችሁ ትንሽ ይሁን፣ ጭቅጭቅ የማትወዱ ሁኑ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ለሁሉም እኩል ይነበባል።

መውጣት ካስፈለገ እንዲህ ውጡ። ምስጋና አቅርቡ፣ የምትስማሙበትን ጠቅላላ ዋጋ ንገሩት፣ ስልካችሁን ትታችሁ ሂዱ፣ ከሌላው ሻጭም ለመግዛት በእርግጥ ተዘጋጁ። ከተደወለላችሁ አዲሱን ዋጋ በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የሞተሩ ዓይነት፣ የምርት ዓመቱ፣ ቀለሙ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ ጠቅላላ ክፍያው፣ ተጨማሪ የተባለው ዕቃ ወይም ሰርቪስና ዋጋው የሚጸናበት ቀን በወረቀቱ ላይ ይኑሩ። ለመፈረም ስትሄዱ ያን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ከውሉ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት፣ የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ ከሞተሩ ብረት ላይ ራሳችሁ አንብቡ። ያልተነጋገራችሁበት መስመር ከገባ አሰርዙት። አይሰረዝም ካሉ አትፈርሙ፤ ሁለተኛው ፕሮፎርማ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።